ከውጭ ሀገር የሚመለስ መንገደኛና የአሥራ አራት ቀን ቆይታ፦ ለአራዳና ለፒያሳ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት

በወረርሽኝ ወቅት ከውጭ ሀገር የሚመለስ ሰው ስለ ለይቶ ማቆያ ሲነገረው አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ታዲያ ለምን እቆያለሁ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንገደኛው አያስለውም፤ ትኩሳት የለውም፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ሙቀቱ ተለክቶ አልፏል። ከስንት ዓመት በኋላ የሚያያቸው እናቱም ቡና አቅርበው ይጠብቁታል። ለጥያቄው በቂ መልስ ካልተሰጠው ደንቡ ቅጣት ይመስለዋል፤ ቅጣት ከመሰለው ደግሞ የሚያመልጥበትን መንገድ መፈለጉ አይቀርም። ስለዚህ ይህ ትምህርት ከደንቡ አስቀድሞ የደንቡን ምክንያት ያስረዳል፤ ቀጥሎም በአሮጌዎቹ የአራዳ ግቢዎች፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ቤትና አንድ የውሃ ቧንቧ በሚጋራበት ኑሮ፣ ደንቡ እንዴት ሊፈጸም እንደሚችል ያመለክታል።

ጤነኛ የሚመስል ሰው

በሽታ አምጪ ተሕዋስ ወደ ሰውነት ከገባበት ቀን አንስቶ የመጀመሪያው የሕመም ምልክት እስኪታይ ድረስ ያለው ጊዜ በሽታው ተደብቆ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ኮቪድ-19 በተነሳበት ዘመን ይህ ጊዜ በአማካይ ከ5 እስከ 6 ቀን ነበር፤ ሲረዝም ግን እስከ 14 ቀን ይደርስ ነበር። ምልክት ከሚያሳዩ 100 ሰዎች መካከል 97 ያህሉ ምልክቱን የሚያሳዩት በ12 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ የቀሩት ጥቂቶች ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህም የሚከፋው ሰውየው መታመሙን ከማወቁ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍ መጀመሩ ነው። ጨርሶ ምልክት ሳያሳዩ የሚያስተላልፉም አሉ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘበት ሁኔታ ይህንኑ ያሳያል። ግለሰቡ ከቡርኪና ፋሶ ተነስቶ ወደ ሀገር የገባው የካቲት 25 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች የሙቀት ልየታ ከጥር ወር ጀምሮ ይካሄድ ነበር። በሽታው በምርመራ ተረጋግጦ ለሕዝብ የተነገረው ግን መጋቢት 4 ቀን፣ ማለትም ግለሰቡ ከገባ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። የሙቀት መለኪያ የዛሬን ትኩሳት እንጂ የነገን አያውቅም። ማስታገሻ የዋጠ ሰው ደግሞ የዛሬውንም ትኩሳት ሊሰውር ይችላል።

በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ለይቶ ማቆያ የሚባለው ሕመም ላልታየበት፣ ነገር ግን ለበሽታው ተጋልጦ ሊሆን ለሚችል ሰው የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ለይቶ ማከሚያ ደግሞ በሽታው ለተገኘበት ሰው ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን እያምታታ ለይቶ ማቆያ የገባን መንገደኛ «በሽተኛ» ይለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ስለሚያስከትለው ጉዳት በኋላ ይነገራል። በሀገራችን ለነገሩ የቆየ ቃል አለ፤ መድኃኒት የወሰደ ሰው እስኪያገግም ከሰው ተለይቶ ሲቀመጥ ወሸባ ገባ ይባል ነበር። በ2012 ዓ.ም. ይህ ቃል ከተረሳበት ተነስቶ እንደገና በሬዲዮና በጋዜጣ መነገር ጀመረ። ኳራንቲን የሚለው ግን ጣሊያን ሠራሽ ነው። ራጉዛ የተባለችው የባሕር ወደብ በ1377 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ካለበት ስፍራ የመጡ ሰዎች 30 ቀን ከከተማ ውጭ እንዲቆዩ አዘዘች፤ ቆይቶ ቀኑ 40 ሆነና ከቬኒስ ሰዎች አነጋገር «አርባ» የሚለው ቁጥር ለነገሩ ስም ሆነ። ፒያሳም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ቋንቋ ነውና ቃሉ ለሰፈሩ ያን ያህል ባዕድ አይደለም።

መንገዱ ራሱ ያቆይ በነበረበት ዘመን

የመንገደኛ ቆይታ ከአውሮፕላን ጋር የመጣ ፈረንጅ ሠራሽ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። በቀድሞ ዘመን ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ወደ ሸዋ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይጓዝ ነበር። በወደብ ላይ በሽታ የያዘው ሰው ከተማ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ይታመማል፤ ወይም ይድናል፤ ወይም ይሞታል። ረጅሙ መንገድ ማንም ሳያዘው የለይቶ ማቆያን ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ሥራውም ፍጹም አልነበረም፤ ፈንጣጣና ኮሌራ ከነጋዴና ከሠራዊት ጋር ከጠረፍ እስከ ደጋ ደርሰዋል።

ከዚያ ባቡር መጣ። የጅቡቲው ሐዲድ አዲስ አበባ ከደረሰ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም.፣ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በከተማይቱ በረታ። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ የሰየመው ይኸው ነው። ኢንፍሉዌንዛ ተደብቆ የሚቆየው ከአንድ እስከ አራት ቀን ሲሆን የዚያን ዘመን ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚገባው በሦስት ቀን ያህል ነበር፤ ስለዚህ በጠረፍ የተያዘ ሰው ሳይታመም ከተማ መድረስ ይችል ነበር። በአዲስ አበባ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ቀባሪም እስከ መታጣት ተደረሰ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ተርፈዋል። የአራዳ ሰው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እያለ በየደጁ ቆሻሻ የሚያቃጥለው የዚያን ጊዜውን መቅሠፍት እያስታወሰ ነው። ጭሱ በሳንባ ለሚተላለፍ በሽታ መድኃኒት እንዳልሆነ፣ ይልቁንም የአስም ሕመምተኛን እንደሚጎዳ እግረ መንገድ መጥቀስ ያስፈልጋል።

ዛሬ ደግሞ ከጅዳ አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከዱባይ አራት ሰዓት ገደማ፣ ከዋሽንግተን አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። በአሥራ አራት ቀን የሚገለጥ በሽታ በግማሽ ቀን መንገድ ላይ ሊገለጥ አይችልም። የቀድሞው ረጅም መንገድ ይሰጥ የነበረውን ጊዜ አውሮፕላኑ ወስዶታል፤ ለይቶ ማቆያ ያንን ጊዜ መልሶ የሚተካ ሥርዓት ነው። መንገደኛው የሚቆየው ስለተጠረጠረ ሳይሆን ጉዞው ስላጠረ ነው ቢባል ነገሩ ከሞላ ጎደል ይገለጣል።

በ2012 ዓ.ም. የተደነገገው

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን የዓለም ስጋት የሆነ የጤና አደጋ ብሎ ያወጀው ጥር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ኢትዮጵያ ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ከውጭ ሀገር የሚገባ መንገደኛ ሁሉ ለዚሁ በተመደቡ ሆቴሎች፣ በራሱ ወጪ፣ 14 ቀን እንዲቆይ ወሰነች። መጀመሪያ ከተመደቡት መካከል ጊዮን ሆቴልና ኢትዮጵያን ስካይላይት ሆቴል ይገኙ ነበር። አዲስ አበባን ለመሸጋገሪያ ብቻ የሚጠቀሙ መንገደኞች ቀጣዩ በረራቸው እስኪደርስ ከሌላው ሰው ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ 30 ሀገሮች የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ። መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ።

በራስ ወጪ ሆቴል መቆየት ለነጋዴ ይቻል ይሆናል፤ ከሳዑዲ ዐረቢያ በእስር ቤት በኩል አልፎ ሻንጣ እንኳ ሳይዝ ለተመለሰ ወጣት ግን የሚታሰብ አልነበረም። ከቤይሩትም ደመወዛቸውን ሳያገኙ፣ አሠሪዎቻቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ጥለዋቸው የሄዱ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ ተመላሾች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው የሸኙ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢዎቻቸውን ከፈቱ፤ መኝታ፣ ምግብና የጤና ክትትል በመንግሥትና በረድኤት ድርጅቶች ተሸፈነ። ይህ ሊታወስ የሚገባው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። ወጪውን መሸፈን የማይችል ሰው «ገንዘብ የለኝም» ብሎ መናገር መብቱ ነው፤ አቅም ስላጣ መደበቅ የለበትም።

ደንቡ ዕውቀት በጨመረ ቁጥር ተለዋውጧል። ከሆቴል ቆይታ ወደ ምርመራና ወደ ቤት ውስጥ ቆይታ ተሸጋግሯል፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው መመሪያ ቁጥር 30/2013 መንገደኛው ከመድረሱ በፊት ባሉት 120 ሰዓታት ውስጥ ተመርምሮ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ጠየቀ። ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የአደጋውን ዐዋጅ አንሥቷል። ስለዚህ ማንኛውም መንገደኛ በሰሙነ ወረርሽኝ ሲጓዝ ከወራት በፊት የሄደ ዘመዱ የነገረውን ሳይሆን በዚያ ሳምንት ጸንቶ ያለውን ደንብ ትኬት ከመቁረጡ በፊት መጠየቅ ይኖርበታል።

የምርመራ ወረቀት ቀኑን አይተካም

ነጻ የሚል ወረቀት የያዘ መንገደኛ ከሁሉ ይበልጥ ይከራከራል። ወረቀቱ የሚመሰክረው ናሙናው በተወሰደበት ሰዓት በአፍንጫና በጉሮሮ ውስጥ ሊታይ የሚችል ያህል ተሕዋስ አለመገኘቱን ነው። ትናንት የተያዘ ሰው ዛሬ ቢመረመር ተሕዋሱ ገና አልተባዛምና ውጤቱ ነጻ ሊሆን ይችላል። ደግሞም 120 ሰዓት አምስት ቀን ነው፤ በአምስት ቀን ውስጥ ሰው ይሰናበታል፤ ጓደኛ ያቅፋል፤ በተጨናነቀ መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ሰዓታት ይቀመጣል። ወረቀቱ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ በአውሮፕላን ውስጥ በሽታ ይዞ የሚሳፈረውን ሰው ቁጥር በጣም ይቀንሳል። የተረፈውን የሚይዘው ግን ቆይታው ነው።

ቀኑ እንዴት ይቆጠራል

የደረሱበት ቀን ዜሮ ተብሎ ይያዛል። መጋቢት 14 ቀን የደረሰ ሰው መጋቢት 15ን አንድ ብሎ ይጀምርና አሥራ አራተኛው ቀን መጋቢት 28 ይሆናል፤ የሚወጣው በ29 ነው። በዚህ ላይ የእኛን ሀገር ሰው ብቻ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በአውሮፕላን ትኬት ላይ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ግን ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ማክሰኞ ደረሰ የተባለ አውሮፕላን በቤተሰቡ አነጋገር የሰኞ ሌሊት እንግዳ ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ሲፈጠር የኋለኛውን ቀን መያዝ ይሻላል።

ከዚህ ይበልጥ የሚዘነጋው የቆጠራው መታደስ ነው። አንድ መንገደኛ ሰባት ቀን ከቆየ በኋላ ከሌላ ሀገር የመጣ ወንድሙ አብሮት በአንድ ክፍል ቢገባ የሁለቱም ቆጠራ ከአንድ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ነባሩ በአዲሱ እንግዳ እንደገና ሊጋለጥ ይችላል። እናቱ በአምስተኛው ቀን አብረውት ቢበሉ የእሳቸው አሥራ አራት ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ማዕድ ቀን ነው፤ የእሱ አልቆ የእሳቸው ላያልቅ ይችላል። በሽታው በአንዱ ላይ ከተገኘ ደግሞ የሌሎቹ ቆጠራ ከታማሚው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ከተገናኙበት ቀን ይነሳል።

አሥራ አራት የሚለው ቁጥር ለሁሉም በሽታ አይሠራም። ለኢቦላና ለማርበርግ የሚቆጠረው 21 ቀን ነው። ቁጥሩ የሚወጣው ከበሽታው ጠባይ ስለሆነ አዲስ ወረርሽኝ ሲነሳ አዲስ ቁጥር ቢነገር ሊያስገርም አይገባም።

በአራዳ ግቢ ውስጥ መቆየት

የቤት ውስጥ ቆይታ መመሪያ ሲጻፍ በአብዛኛው የራሱ መስኮት፣ የራሱ መታጠቢያ ቤት ያለው ክፍል ታስቦ ነው። በአሮጌዎቹ የአራዳ ሰፈሮች ኑሮን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የቀበሌ ቤቱ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ በግቢው ጥግ፣ ማድቤቱ በአጥሩ ሥር ነው። ግቢው መልካም ጎን አለው፤ ሰው ለሰው ይደርሳል፤ ልጅ የሁሉም ልጅ ነው። ይኸው መቀራረብ በወረርሽኝ ጊዜ አስቸጋሪ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ ይታሰብ። ከቤይሩት የምትመለስ እህት አለች። ቤተሰቧ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸውና ስኳር ያለባቸው እናት፣ አንድ ወንድምና የወንድሟ ልጅ አሉ። በግቢው ስድስት አባወራ ይኖራል፤ መጸዳጃ ቤቱ አንድ፣ ቧንቧው አንድ ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ መወሰን ያለበት አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ነው። መስኮት ያለው ክፍል ለመንገደኛዋ ይለቀቃል፤ ካልተቻለ እናትየው ወደ ሌላ ልጃቸው ወይም ወደ ዘመድ ቤት አስቀድመው ይሄዳሉ። አስቀድመው የሚለው ቃል ከሁሉ ይበልጣል፤ ልጃቸውን አቅፈው ስመው ከዋሉ በኋላ ወደ ሌላ ቤት ቢሄዱ በሽታውን ይዘውት ሊሄዱ ይችላሉ። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ሆኖ የሚሄዱበት ከሌለ ቤተሰቡ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ለአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አሳውቆ በለይቶ ማቆያ ተቋም እንድትቆይ መጠየቅ ነው የሚሻለው። አንዱን ክፍል በመጋረጃ ከፍሎ «ለይተናታል» ማለት ራስን ማታለል ነው፤ መጋረጃ ዓይንን ይጋርዳል እንጂ አየር አይለይም።

ከቦሌ እስከ ፒያሳ ያለው መንገድም የቆይታው አካል ነው። አሥር ሰው በሁለት መኪና ሆኖ አበባ ይዞ መሄድ ይቀራል፤ አንድ ሰው ብቻ ይሄዳል፤ ሁለቱም አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍናሉ፤ መንገደኛዋ ከኋላ ትቀመጣለች፤ መስኮቱ ይከፈታል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ መግባት አይገባም። በመንገድ ላይ ለመጠጥ፣ ለምንዛሬ ወይም ለስልክ ካርድ መቆምም እንዲሁ።

መጸዳጃ ቤቱ ዋናው ችግር ነው። መንገደኛዋ ጠዋትና ማታ የግቢው ሰው ተጠቅሞ ከጨረሰ በኋላ ብትገባ፣ በር መዝጊያውንና የነካችውን ሁሉ በበረኪና ውሃ ብታብስ፣ ከወጣች በኋላም በሩ ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ አየር ቢናፈስ አደጋው ይቀንሳል። በገበያ የሚሸጠው በረኪና አምስት በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውሃ ለተራ ማጽጃ ይበቃል፤ ትውከት ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ላለበት ስፍራ አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ይሆናል። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይገባም። ሌሊት ለሚያስፈልጋት ክዳን ያለው ፖፖ በክፍሏ ቢኖር ጥሩ ነው። ውሃ በጀሪካን ተቀድቶ በደጇ ይቀመጥላታል እንጂ ቧንቧው ጋር ወረፋ አትጠብቅም።

የሚያገለግላት አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ወጣትና ጤነኛ ቢሆን ይመረጣል፤ በዚህ ቤት ወንድሟ ነው። ምግቡን በራሷ ሳህን ከደጅ አድርሶ ይመለሳል፤ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቆ ያነጋግራታል፤ እጁን በሳሙናና በውሃ ቢያንስ 20 ሰከንድ ይታጠባል። ከአንድ ትሪ መብላትና ጉርሻ ለአሥራ አራት ቀን ይቆያሉ። ጉርሻን እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሚመስል ይህን አስቀድሞ ተነጋግሮ መጨረስ ይሻላል፤ በማዕድ ላይ ሲደርስ ያስቀይማል። ቡናው ግን አይቀርም፤ እናትየው ባረፉበት ቤት፣ እሷ በክፍሏ፣ አቦሉንም በረካውንም በስልክ እየተነጋገሩ መጠጣት ይቻላል፤ በ2012 ብዙ ቤተሰብ ፋሲካን ያሳለፈው እንዲሁ ነው።

ሻንጣውም ጣጣ አለው። በዕቃ ገጽ ላይ በሚቀር ተሕዋስ መያዝ ያን ያህል የተለመደ አይደለም፤ አደጋው ስጦታ ለመቀበል በሻንጣው ዙሪያ የሚሰበሰበው ሰው ነው። ሻንጣው ሳይከፈት መንገደኛዋ ክፍል ውስጥ ይቆይ፤ ቸኮሌቱም ሽቶውም አይበላሽም።

ግቢውን አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ስድስቱ አባወራዎች ከመንገደኛዋ መድረስ በፊት ተጠርተው፣ ምን ያህል ቀን እንደምትቆይ፣ መጸዳጃ ቤቱን መቼ እንደምትጠቀም፣ ልጆች ከደጇ እንዲርቁ በግልጽ ቢነገራቸው፣ ጎረቤት ተባባሪ ይሆናል። ሳይነገረው በአራተኛው ቀን በወሬ የሰማ ጎረቤት ግን ይቆጣል፤ ቁጣውም ያለ ምክንያት አይደለም።

አራዳ በወረርሽኝ ጊዜ ልማዱን መለወጥ እንደሚችል በ2012 ታይቷል። በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በመጨናነቁ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር ሻጭም ሸማችም መንገዱ ረዘመበት፤ ብዙ ሰው አጉረመረመ፤ ሆኖም ሽንኩርቱም ቲማቲሙም በሜዳው ላይ ተሽጧል።

ለቅሶ ያመጣው መንገደኛ

ከሁሉ የሚከብደው መርዶ ሰምቶ የሚመጣ ሰው ጉዳይ ነው። አባቱን ለመቅበር ከዋሽንግተን የተሳፈረን ልጅ አሥራ አራት ቀን በክፍል ውስጥ ተቀመጥ ማለት ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን የለቅሶ ድንኳን በወረርሽኝ ጊዜ እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ያለቅሳል፤ ተቃቅፎ ይላቀሳል፤ ከሚመጡትም ብዙዎቹ የሟቹ እኩያ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ልጁ ምናልባት ሳያውቅ የአባቱን ጓደኞች ሊያጣ ይችላል።

ለዚህ የእድር ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት እርዳታ አስፈላጊ ነው። ቀብሩ በጥቂት የቅርብ ዘመድ ይፈጸማል፤ ልጁ በክፍሉ ሆኖ በስልክ ምስል ይከታተላል፤ ኀዘንተኛው የሚጽናናው ከደጅ ነው። ሰው ሰብሰብ ብሎ የሚያጽናናበት ቀን ለአርባው ሊተላለፍ ይችላል፤ ለሙስሊም ቤተሰብም የአካባቢው መስጂድ ኢማም ተመሳሳይ መፍትሔ ሊያመለክቱ ይችላሉ። እድሩ ይህን ውሳኔ በራሱ ስም ቢያሳውቅ ለቤተሰቡ ትልቅ እፎይታ ነው፤ «ልጁ አባቱን አልቀበረም» የሚለው ሐሜት ከቤተሰቡ ላይ ይነሳልና።

የሚሸሸግ ሰው ለምን ይሸሸጋል

በ2012 መጀመሪያ ወራት የውጭ ሀገር ዜጎች በመንገድ ላይ «ኮሮና» እየተባሉ ተሰድበዋል፤ ተመላሾችም በገዛ ሰፈራቸው ተሸሽተዋል። ስድብ የሚያመጣው ውጤት ግልጽ ነው። ስድብ የፈራ መንገደኛ ሌሊት ይገባል፤ ሲያስለው በትራስ አፍኖ ያስላል፤ የጤና ባለሙያ ሲጠይቀው ከውጭ አልመጣሁም ይላል። ለግቢው የሚያሰጋው ይህ ሰው ነው፤ ቆይታውን በግልጽ የሚፈጽመው መንገደኛ ግን ለማንም አያሰጋም። ስለዚህ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ላለ ጎረቤት ሰላምታ ከሩቅ መስጠት፣ ከሱቅ ዕቃ ገዝቶ ማድረስ፣ የስልክ ካርድ መላክ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ራሱ የበሽታ መከላከያ ነው። የመንገደኛውን ስምና ፎቶግራፍ በማኅበራዊ መገናኛ ማሰራጨት ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባዋል።

ምልክት ቢታይ

በቆይታው ጊዜ መንገደኛው ሙቀቱን ጠዋትና ማታ ይለካል፤ መለኪያ ከሌለው ራሱን ያዳምጣል። ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የማሽተት ወይም የመቅመስ ችሎታ ማጣት፣ ያልተለመደ ድካም ከታየ ከክፍሉ ሳይወጣ ይደውላል። በኮቪድ-19 ወቅት የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር 8335፣ የጤና ሚኒስቴር ደግሞ 952 ነበሩ። ታክሲ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አይገባም፤ በመንገዱ ያገኘውን ሰው ሁሉ ያጋልጣል፤ በጤና ጣቢያውም ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ወረፋ ይጠብቃሉ። የመተንፈስ ችግር፣ የደረት ሕመም፣ የከንፈር መጥቆር ወይም ግራ መጋባት ካለ ግን ነገሩ አስቸኳይ ነውና ለአምቡላንስ ሲደወል ይህንኑ በመጀመሪያ መናገር ያስፈልጋል። ለደወሉለት ባለሙያ የመጣበትን ሀገር፣ የደረሰበትን ቀን፣ በአውሮፕላኑ የተቀመጠበትን ወንበር ቁጥርና ከደረሰ በኋላ በቅርብ የተገናኛቸውን ሰዎች ይነግራል። ለዚህ እንዲረዳ የትኬቱን ቁራጭ መጣል የለበትም፤ በየቀኑ ማን ደጁ እንደመጣም በወረቀት ላይ ቢጽፍ ይጠቅመዋል።

ምልክት ሳይታይ አሥራ አራተኛው ቀን ካለፈ የክፍሉ መስኮትና በር ተከፍቶ ይናፈሳል፤ አንሶላውና ልብሱ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ ወለሉና የበር እጀታው በበረኪና ውሃ ይወለወላል። ሲከታተለው የነበረው የጤና ባለሙያ ቆይታው መጠናቀቁን ካረጋገጠለት በኋላ፣ በዘመድ ቤት የሰነበቱት እናት በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ቤታቸው መመለስ ይችላሉ።